ሃያ ሦስት ጨለማ ጉድጓዶች

ሐረገወይን አንድን ሰው ለመናቅ ሁለት ደቂቃ ይበቃታል። ዋኘውን ለመናቅ ግን ያም አላስፈለጋትም። የቤተ ሙከራው በር ላይ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ሲያወልቅ አየችው፤ አለቀ።

«ምን እያደረግክ ነው?» አለችው።

«ጫማዬ ጭቃ ነክቶታል» አለ ቀና ሳይል። «ውስጥ ሕይወት ያለው ነገር አለ ስላሉኝ... አቧራ እንዳይጎዳው ብዬ ነው።»

«ያለው እኮ ባክቴሪያ ነው! ታቦት አይደለም።»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ዋኘውም አብሮ ፈገግ አለ፤ ግን ካልሲው ላይ ያለችውን ቀዳዳ በሌላኛው እግሩ ሸፈናት። ሐረግ ይህንንም አየች። ምንም ነገር ከዓይኗ አያመልጥም ነበር፤ የሚያመልጣት የምታየው ነገር ትርጉም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የባዮሎጂና የኤሌክትሪካል ምሕንድስና ተማሪዎች አንድ ላይ ሆነው በሕያው ሕዋስ ላይ ቃል እንዲጽፉ ታዘዋል። ባዮሎጂዎቹ ሰማያዊ ብርሃን ካረፈባቸው በማግስቱ አረንጓዴ ሆነው የሚያበሩ፣ ካላረፈባቸው ጨለማ ሆነው የሚቀሩ ባክቴሪያዎች አሏቸው። መሐንዲሶቹ ደግሞ ብርሃኑን የሚያዝዝ ሳጥን ይሠራሉ። መዳፍ በሚያህል የፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ ምስር የሚያካክሉ ዘጠና ስድስት ጉድጓዶች አሉ፤ በየጉድጓዱ ውስጥ ባክቴሪያ፣ ከየጉድጓዱ ሥር አንዲት ሰማያዊ አምፖል። የበራለት ጉድጓድ «አንድ» ነው፤ ያልበራለት «ዜሮ»። በአንድና በዜሮ ደግሞ የፈለጉት ቃል ይጻፋል። ሥራው ከተሳካ አዲስ አበባ በሚደረግ የተማሪዎች ውድድር ላይ ይቀርባል፤ መድረክ ላይ ወጥቶ የሚያስረዳውን አንድ ሰው የሚመርጡት አማካሪያቸው ዶክተር በላቸው ናቸው።

ያ አንድ ሰው እሷ እንደምትሆን ሐረግ አልተጠራጠረችም። አራተኛ ዓመት ናት፤ ከክፍሏ አንደኛ፣ ጎንደር አራዳ ተወልዳ ያደገች፣ የጡረተኛ ዳኛ ልጅ። መሐንዲሶቹን «ሽቦ ቆጣሪዎች» ትላቸዋለች። ዶክተር በላቸውንም ቢሆን በሆዷ ትንቃቸው ነበር። በሕዋሶቹ ላይ የሚጻፈው ቃል ምን ይሁን ተብሎ ምክር ሲያዝ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «በላቸው የሚለው እኮ አራት ፊደል ብቻ ነው፤ አይበዛም» ያሉ ሰው ናቸው።

ሁሉም መሬት መሬቱን ሲያይ አንድ ድምፅ ከኋላ፣ ከመሐንዲሶቹ ወገን፣ መጣ።

«ጎንደርም አራት ፊደል ነው» አለ ዋኘው፣ በትሕትና።

ቃሉ ጎንደር ሆነ። ዶክተሩ ልጁን ሳምንት ሙሉ አኮረፉት።

«በላቲን ፊደል እንጻፈው» አለች ሐረግ። «ዓለም የተስማማበት ኮድ እያለ ምን ያደክመናል?»

«የእኛም አለን» አለ ዋኘው። ከቦርሳው የታጠፈ የፊደል ገበታ አውጥቶ ዘረጋ። «ገበታው ራሱ ኮድ ነው። ቁልቁል ሠላሳ ሦስት ቤት፣ ወደ ጎን ሰባት ድምፅ። ገ ሃያ ስድስተኛ ቤት ነው፤ ጎ ደግሞ ሳብዕ፣ ሰባተኛ። ስድስት ጉድጓድ ለቤቱ፣ ሦስት ጉድጓድ ለድምፁ። አራቱ ፊደል ሠላሳ ስድስት ጉድጓድ ይፈጃል። ሦስት ረድፍ ሞላ ማለት ነው።»

«የቀረው ስልሳ ጉድጓድስ?»

«ጨለማ ይሁን። ጨለማው ካልጠራ የተጻፈው አይነበብም።»

 ሐረግ በክርክር ስትሸነፍ የምታደርገውን አደረገች፤ ስም አወጣችለት።

«እሺ፣ የኔታ!»

በማግስቱ ግቢው በሙሉ «የኔታ» ይለው ጀመር።

«አንቺ፣ ልጁ እኮ ልክ ነው» አለቻት ፈህሚያ። ፈህሚያ የቡድኑ ፎቶ አንሺና የሐረግ ጓደኛ ናት፤ ቤተሰቦቿ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ጎንደር ላይ ነጋዴዎች ናቸውና ዕቃም ሰውም በዓይኗ መዝና ታውቃለች።

«ልክ መሆኑን መች ካድኩ? ግን የቄስ ትምህርት ቤት ይሸታል።»

«እና አንቺ ስታሸቺው ነው የምትውይው?»

ሐረግ የያዘችውን ጓንት ወረወረችባት።

ሥራው የሚሠራው መስኮቱ በጥቁር ፕላስቲክ በተሸፈነ ክፍል ውስጥ ነበር። የቀን ብርሃንም ሰማያዊ ስላለበት ሕዋሶቹን ይነካቸዋል። የሚበራው አንድ ቀይ አምፖል ብቻ ነው፤ ቀይ አይጎዳቸውም። ሐረግ በየጉድጓዱ ታንጠባጥባለች፣ ዋኘው ከጎኗ ቆሞ ይቆጥራል። ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ ሆነ። በቀይ ብርሃን የሰው ፊት ድንበሩን ያጣል፤ የሚቀረው ድምፅ ነው። የእሱ ድምፅ ደግሞ ዝግ ያለ፣ ያልቸኮለ፣ እያንዳንዱን ቁጥር በቦታው የሚያስቀምጥ ነበር።

አንድ ቀን ጠየቀችው።

«ምነው እዚህ ስትገባ በሹክሹክታ የምታወራው? ባክቴሪያ ጆሮ የለውም።»

«አውቃለሁ» አለ። «አንቺ ግን አለሽ።»

ያን ቀን ሐረገወይን ለመጀመሪያ ጊዜ ጠብታ ከጉድጓዱ ውጪ ጣለች።

ማታ ቤቷ ስትገባ በራሷ ላይ ተቆጣች። ጫማውን በር ላይ የሚያወልቀውን! የድንች ገበሬ ልጅ! እሷ! የናቁትን ሰው መውደድ ከሌብነት በላይ ያሳፍራል፤ ሌባ ቢያንስ የሰው ንብረት ዋጋ እንዳለው ያውቃል። ስለዚህ ንቀቷን እጥፍ አደረገችው። እሱ ሲናገር ሰዓቷን ታያለች። ሰላም ሲላት ለግድግዳው ትመልሳለች። እሱ ግን በየቀኑ ከእሷ ቀድሞ እየመጣ የምትቀመጥበትን ወንበር ይጠርግ ነበር።

ውድድሩ አሥር ቀን ሲቀረው ቃሉ ተጻፈ። ሳጥኑ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲበራና ሲጠፋ ቆይቶ ሥራውን ጨረሰ። ከዚህ በኋላ ሰሌዳው እስከ ማግስቱ ድረስ በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ውስጥ፣ በጨለማና በሙቀት መቆየት ብቻ ነበረበት። ሐረግ ምሳ ልትበላ ወጣች፤ ዋኘው ሊጠብቅ ቀረ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መብራት ጠፋ።

መብራት ሲጠፋ የተማሪ እጅ ማንም ሳያዘው ስልክ ያበራል። ሐረግም ስልኳን አብርታ በጨለማው ኮሪደር ሮጠች፤ በሩን ገፍታ ገባች። ያየችውን ለማመን ተቸገረች። በመስኮቱ በኩል፣ ጥግ ላይ፣ ጧፍ ይነዳል! ሰሌዳው ከማሞቂያው ወጥቶ ራቁቱን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ዋኘው ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ ብርሃን የማያሳልፍ ፎይል ይቀድዳል።

«ምንድን ነው የምሠራው የምትለው?!»

ዋኘው ደንግጦ ቀና አለና መዳፉን ሰሌዳው ላይ ዘረጋ።

«ሐረግ፣ መብራቱን አጥፊው!»

«ለምን? እንዳላይህ? ምንድን ነው የምትደብቀው? እጅህን አንሳ!»

«አጥፊው ስልሽ! በስልክሽ...»

«አትዘዘኝ! ሁለት ወር የለፋንበትን ቅዳሴ አስመሰልከው! ጧፍ! ጧፍ ያበራል ደግሞ! ድሮም ጥፋቱ የእኔ ነው፤ መደብ ላይ ፊደል የቆጠረ ሰው ቤተ ሙከራ ውስጥ ምን ይሠራል?»

ሁለት ደቂቃ ያህል ሰደበችው። ስትሰድበው ስልኳን ፊቱ ላይ እንደ ጦር ቀስራው ነበር። ዋኘው አንዱን እጁን ሳያነሳ በሌላኛው ፎይሉን ጎትቶ ሰሌዳውን ሸፈነ። 

በማግስቱ ሰሌዳው ሲታይ ተበላሽቷል። ጎንደር በተጻፈባቸው ሦስት ረድፎች መብራት የነበረባቸው በርተዋል፤ ግን ጨለማ መሆን የነበረባቸው ስልሳ ጉድጓዶችም እዚህም እዚያም ያበራሉ። ዶክተር በላቸው ሁለቱንም ቡድን ሰበሰቡ።

«ለባክቴሪያ ጧፍ የሚያበራ ተማሪ በዕድሜዬ አላየሁም!» አሉ።

«ዶክተር» አለ ዋኘው ቆሞ፣ «መብራት ሲጠፋ ማሞቂያውም ቆመ። ሰሌዳውን ሙቅ ውኃ ባለበት ዕቃ ውስጥ ላዛውረው ነበር። ቀዩ አምፖል አብሮ ጠፍቷል። የጧፍ ብርሃን ቢጫና ቀይ ነው፤ ሰማያዊው ከቁጥር አይገባም። በስልክ ግን...»

እዚህ ላይ ሐረግን አያትና አቆመ።

«በስልክ ምን?»

«ምንም።»

«ትንሽ ብንዘገይ ጸበልም ይረጨው ነበር!» አለች ሐረግ። ሁሉም ሳቁ። እሷም ሳቀች። ዋኘው አያት፤ ቁጣ አልነበረበትም። ዕቃ ተሸክሞ ረጅም መንገድ ሄዶ፣ ያመጣው ዕቃ የማይፈለግ መሆኑ የተነገረውን ሰው ይመስል ነበር። የክፍሉን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ዶክተሩ ስሙን ከቡድኑ ሰረዙት፤ ለመድረክ ደግሞ ሐረገወይንን መረጡ።

የፈለገችው ሁሉ ተሟላላት ማለት ነው። ግን ቀይ አምፖሉ ሥር ብቻዋን ስትቆጥር ሁለት ጊዜ ተሳሳተች፤ ወንበሯም አቧራ ነበረበት።

ከአራት ቀን በኋላ የተበላሸውን ሰሌዳ ሪፖርት እንድትጽፍ ታዘዘች። ፈህሚያ ያነሳችውን ፎቶ በትልቁ አሳትማ፣ እያንዳንዱን ጉድጓድ እየቆጠረች በሠንጠረዥ ማስፈር ጀመረች። ጎበዝና ጠንቃቃ ተማሪ ናትና አንዱንም አልዘለለችም። ግማሽ እንደደረሰች እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

በጣም የሚያበሩት ጉድጓዶች በበሩ በኩል ያሉት ነበሩ። ወደ መስኮቱ በተጠጉ ቁጥር እየደበዘዙ ይሄዳሉ። ጧፉ የነበረው ግን በመስኮቱ በኩል ነው!

በበሩ በኩል ማን ነበር?

 በሚያበሩት መካከል ያልበሩ ጉድጓዶችም ነበሩ፤ ቆጠረቻቸው። ሃያ ሦስት። እንደገና ቆጠረች። ሃያ ሦስት። የተዘበራረቁ አልነበሩም፤ አራት ጨለማ መስመር ጎን ለጎን፣ አንድ አጭር ደግሞ ወደ ጎን ወጣ ያለ። ቀስ ብላ መዳፏን ፎቶው ላይ አሳረፈች። ከእሷ እጅ ይተልቃል እንጂ እጅ ነበር።

ሲደብቅ አልነበረም። ከእሷ ስልክ ብርሃን፣ ሰማያዊ ካለበት ነጭ ብርሃን፣ እየጋረዳቸው ነበር። እሷ ያን ሁሉ ስትሰድበው ሕዋሶቹ የሆነውን አንድ በአንድ ጽፈውታል፤ የእሷን ስልክ በብርሃን፣ የእሱን እጅ በጨለማ።

«ፈህሚያ...» አለች ፎቶውን እየገፋችላት። «ይሄ ምን ይመስልሻል?»

ፈህሚያ አየችው። ዘወር አድርጋ አየችው። አፏን በእጇ ያዘች።

«አላህ! ይሄማ የሰው እጅ ነው!» ከዚያም ቀና ብላ፣ «ሐረግ፣ ያን ቀን ስልክ አብርተሽ ነበር?»

ሐረግ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። 

ዶክተር በላቸው ፎቶውን ከሩቅ አዩት።

«ጉዳዩ ተዘግቷል። ስምሽም ተልኳል።»

«የተዘጋው በውሸት ነው።»

«ውሸት አትበይ፤ ስሕተት በይ።»

«እስከ ትናንት ስሕተት ነበር» አለች ሐረግ። «ካወቅሁ በኋላ ዝም ካልኩ ግን ውሸት ነው።»

ሁለቱ ቡድን ባለበት ፎቶውን ሰሌዳ ላይ ለጠፈችው። የሆነውን ሁሉ ተናገረች፤ ስልኳን፣ ስድቧን፣ ጸበሉን ሳይቀር። ከሽቦ ቆጣሪዎቹ አንዱ፣ «አይ ሐረግ! ሰው መናቅ እንዴት እንደሚያምርብሽ!» አላት። የሚገባት ስለሆነ ተቀበለችው። የዋኘው ስም እንዲመለስ አስፈረመች፤ የራሷን ሰረዘችና መድረኩን ለፈህሚያ ሰጠች። ዶክተሩ ተናደው ወጡ።

ለዋኘው ስልክ ተደወለ፤ ዝግ ነው። የመኝታ ክፍል ጓደኛው ነገራት።

«አገሩ ገብቷል፣ ላይ አርማጭሆ፣ ትክል ድንጋይ ከተማ። ሰኞ መጥቶ የመልቀቂያ ፎርም እሞላለሁ ብሏል። ትምህርቱን ሊተው ነው።»

ያን ዕለት ዓርብ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሐረግ ሚኒባስ ተሳፈረች። የላይ አርማጭሆን ዳገት ስትወጣና ስትወርድ የምትለውን ታጠና ነበር። ትክል ድንጋይ ስትወርድ ያጠናችው ሁሉ ጠፍቶባታል። ጠያይቃ ከከተማው ትንሽ ወጣ ያለ ግቢ ደረሰች። አንዲት ሴት በር ላይ ቆማ ድንች ትመርጣለች።

«የእነ ዋኘው ቤት ይሄ ነው?»

«ነው። ማን ልበል?»

«ሐረገወይን እባላለሁ... ከዩኒቨርሲቲ።»

ሴትዮዋ ታየች ትባላለች፤ የዋኘው ታላቅ እህት ናት። ሐረግን ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ጠጉሯ አየቻት። ሐረግ ይህን አስተያየት በደንብ ታውቀዋለች፤ የራሷ ነበር። ከወዲያ ማዶ ሆና ስትቀምሰው ግን የመጀመሪያዋ ነው።

«አንቺ ነሽ እንዴ ጧፍ የሚያስደነግጥሽ?» አለች ታየች። «እኔስ ግዙፍ መስለሽኝ ነበር! እንዲያ የሚያህለውን ወንድሜን አሽቀንጥረሽ ስትጥይው።»

«ተያት ታየች፣ እንግዳ ናት» አሉ ጥላ ሥር የተቀመጡ ሽማግሌ። የዋኘው አባት፣ አያ ገብረ ኢየሱስ ነበሩ።

«እንግዳማ ሸጋ ወሬ ይዞ ነው የሚመጣ አባዬ!»

«ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለች ሐረግ።

«በምን ጥፋት?»

«በ... በአፌ።»

«በአፍ አጥፍቶ በአፍ መክፈልማ ምን ይገዳል?» አለች ታየች። «እኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ይሸከማል።»

ሐረግ ይህን ከአባቷ ሰምታዋለች፤ የተበደለው ይቅር እስኪል ድረስ በዳይ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ ይቆማል። በዚያን ጊዜ «የኋላ ቀር ቲያትር» ብላ ነበር። አሁን ዞር ዞር ብላ አየችና አጥሩ ሥር ያለ ድንጋይ አንስታ ማጅራቷ ላይ አሳረፈች።

ታየች ድንጋዩን አየችው።

«ይቺማ ገና የጉልቻ ጥጃ ናት!»

አያ ገብረ ኢየሱስ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። ሐረግ ትንሿን ድንጋይ አስቀመጠች። በሁለት እጅ የማትችለውን ትልቁን አቅፋ አነሳች፤ ተንገዳገደች፤ ማጅራቷ ላይ ጫነችው። 

ዋኘው ከማሳ የመጣው ይሄኔ ነበር። መቆፈሪያውን ትከሻው ላይ እንደያዘ ቆመ። ረጅም ጊዜ አያት። ሲናገር ድምፁ ያ የምታውቀው ድምፅ አልነበረም።

«ምነው፣ ሳጥኑ ተበላሸ?»

«አልተበላሸም። ትናንት ጓደኞችህ ጎንደርን ደግመው ጽፈውበታል።»

«ዶክተሩ ላኩሽ?»

«ስሜን ከቡድኑ ካወጣሁ ወዲህ አላናገሩኝም።»

«ስምሽን አወጣሽ?»

«የአንተ ተመልሷል። የማቀርበው እኔ አይደለሁም፤ ፈህሚያ ናት። ፎቶውን ለሁሉም አሳይቻለሁ። ስልኬ እንደሆነ ነግሬያቸዋለሁ።» ትንፋሿ አጠረ። «ተመለስ ልልህ አይደለም የመጣሁት። ብትመለስም ባትመለስም... በድዬሃለሁ፤ ይቅር በለኝ።»

 አህያ ከአጥር ወዲያ ታናፋለች።

«አውርጂው» አለ በመጨረሻ።

«ይቅር ብለኸኛል?»

«ገና ነው። አንገትሽ ግን አልበደለኝም።»

«እንግዲያው አላወርድም።»

«ሐረግ!»

«አላወርድም አልኩ!»

«አባዬ፣ ንገሯት እንጂ!»

«እኔን የበደለችኝ የለ፤ ምን ጥልቅ አደረገኝ?» አሉ አያ ገብረ ኢየሱስ እየተመቻቹ።

«ለምን አልተናገርክም?» አለች ሐረግ ወደ መሬት እያየች። «ያን ቀን፣ ሁሉም ባለበት... በስልክ ብለህ ጀምረህ ነበር።»

«ስቃችሁ ነበራ። የሚስቅ ሰው ምን ይሰማል? ደግሞ...»

«ደግሞ ምን?»

«ሁለት ወር ጎንሽ ቆሜ ቆጥሬያለሁ። አንቺን ከስሼ መቆም አስጠላኝ።» ድምፁ ተለወጠ፤ ያ ዝግ ያለው ድምፅ ተመለሰ። «አንቺን ግን አልጠላሁሽም።»

እንባዋ ወረደ። ሁለቱም እጇ ድንጋዩ ላይ ስለነበረ ልትጠርገው አልቻለችም፤ ከአገጯ ወደ ሣሩ ተንጠባጠበ። ዋኘው ጠጋ አለ። መቆፈሪያውን አስቀመጠ።

«ፎቶው ላይ ምን አየሽ?»

«እጅህን።»

«ስንት ጉድጓድ አትርፏል?»

«ሃያ ሦስት።»

«ሃያ አራት ነው።»

«ሃያ ሦስት ነው! ሁለት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ።»

«ጥግ ያለችውን ዘለሻታል።»

«እኔ አልዘልም! ጥግ ያለችው በርታለች፣ ደብዝዛ! አንተ ነህ...»

«ኧረ በስመ አብ!» አለች ታየች ድንቹን ጥላ። «ድንጋይ ተሸክማ ትከራከራለች! ይቺን ማን ይችላታል?»

ዋኘው ሳቀ። ከሆዱ ሳቀ። ድንጋዩን ከማጅራቷ አንስቶ እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አኖረው።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አላት። «ግን ሃያ አራት ነው።»

ሰኞ ዕለት የሞላው የመልቀቂያ ፎርም አልነበረም። ወደ ቀዩ አምፖል ተመለሰ፤ አዲስ አበባም ከፈህሚያ ጋር ሄደ። አራተኛ ወጡ። አንደኛ የወጣው ውኃ የሚያቀርብ ሮቦት ነው፤ ውኃውን ዳኞቹ ጭን ላይ ደፍቶም አንደኛ ወጣ። ዶክተር በላቸው ጎንደር የሚለውን ቃል እሳቸው እንደመረጡት እስከ ዛሬ ያወራሉ። ሐረግ ስትሰማቸው ምላሷን ትነክሳለች፤ አንዳንዴ ግን ያመልጣታል። ሙሉ በሙሉ የዳነች አይደለችም።

በተመረቁ በዓመቱ ማራኪ ሰፈር ሚኒባስ እየጠበቁ ሳሉ ዋኘው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሽማግሌ ብልክ አባትሽ ምን ይላሉ?»

«ይንቁሃል» አለች ሐረግ ሳታቅማማ።

«አንቺስ?»

«እኔ ንቄ ጨርሻለሁ።»

እንዳለችውም አባቷ ናቁት። ከትክል ድንጋይ የመጡትን ሦስት ሽማግሌዎች፣ ሳያስቀምጡ፣ ችሎት ላይ እንዳሉ ሁሉ «ነገሩ ይመርመር» ብለው ቀጠሮ ሰጧቸው። በቀጠሮው ቀን ሌላ ቀጠሮ ሰጡ። በሦስተኛው ሽማግሌዎቹ እንደ ልማዳቸው በር አጠገብ ተደርድረው ቆሙ።

«የልጁ አባት ድንች አምራች ናቸው ብላችኋል» አሉ ዳኛው መነጽራቸውን እያስተካከሉ። «እንግዲህ ይህን ጉዳይ...»

የጓዳው በር ተከፈተ። ሐረገወይን ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ አባቷን አልፋ ሄደችና ከሦስቱ ሽማግሌዎች ጎን አራተኛ ሆና ቆመች።

«አንቺ ደግሞ ምን ያቆምሻል?»

«ልጅ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

«የማንን ልጅ?!»

«የዳኛውን» አለች ሐረግ። «ምላሷ ክፉ ነው ይላሉ፤ እኛ ግን ችለን እንወስዳታለን።»

ሽማግሌዎቹ ከንፈራቸውን ነከሱ። ዳኛው ልጃቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው አዩ። መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉት፤ መልሰው አደረጉት።

«ተቀመጡ» አሉ።

«እሷስ ጌታዬ?» አለ አንደኛው ሽማግሌ። «ወዴት ትቀመጥ?»

«እሷማ ከእናንተ ወገን ናት» አሉ አባቷ። «እዚያው አጠገባችሁ ትቀመጥ።»